በምሥራቅ ግድግዳ የተሰቀለው ካርታ

ከይጁቤ ገበያ ወጣ ብሎ ሰባር የሚባል ተራራ አለ። በተራራው ምሥራቅ ኪዳነ ምሕረት፣ በሰሜኑ ደግሞ ጊዮርጊስ ተተክለዋል። ሁለቱ ታቦታት በከተራ ዕለት ሜዳው ላይ ተገናኝተው ወደ አንድ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ወጉ ቀድሞ የተተከለው ቀድሞ ይግባ ይላል። የትኛው ቀድሞ እንደ ተተከለ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው። በየዓመቱ ክርክሩ ይጦፋል፣ ጥላ ከጥላ ይጠላለፋል፣ በመጨረሻም ጉልበት ያለው ወገን ይቀድማል።

ጉልበት ያለው ደግሞ ዘወትር ጊዮርጊስ ነው። ይህ ነገር የኪዳነ ምሕረቱን መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስን አንጀታቸውን ያሳርረው ነበር። መሪጌታ ተማሪ አንዲት የዜማ ምልክት ከሳተ፣ በዓለ ንግሥም ቢሆን፣ ማኅሌት አስቁመው የሚያርሙ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከጊዮርጊስ ቀድመው እያዜሙ ቢገቡ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። የሚያንገበግባቸው ደግሞ የጊዮርጊሱ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል አብሮ አደጋቸው መሆናቸው ነው። በአንድ ጉባኤ ቤት፣ ከአንድ አኩፋዳ ቁራሽ እየተካፈሉ ነው የተማሩት።

በጥቅምት ወር ልጃቸው ሶልያና ልትጠይቃቸው መጣች። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በክብ ካርቶን የተጠቀለለ ስጦታ ይዛ ነበር።

«አባባ፣ አሮጌ ነገር ስለሚወዱ ነው። ጣልያኖች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ያሳተሙት የእኛ አገር ካርታ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛሁት» አለች።

መሪጌታ ወረቀቱን ዘርግተው መነጽራቸውን አጠለቁ። ጠርዙ ላይ መርከብ ተሥሏል።

«ጎጃም ላይ መርከብ ምን ይሠራል?»

«ሠዓሊው ቦታ ተርፎት ይሆናላ! አንዳንዶቹ አገሩን ሳያዩ ነበር የሚሥሉት» ብላ ሳቀች። ሰባርን በጣቷ አሳየቻቸው፤ ባጃጅ እየጠበቃት ስለነበር ጉንጫቸውን ስማ ሄደች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ካርታውን አገላብጠው መረመሩት። ከሰባር በላይ በኩል አንዲት መስቀል ተሥላለች። ሌላ መስቀል በአካባቢው የለም። ታዲያ በዚያ ዘመን የተተከለችው ይቺ ብቻ ነበረች ማለት ነው! ካርታውን ይዘው ወደ ሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ገሰገሱና እንደ ቅዱስ ሥዕል በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመው ሲያዩት የካርታው ራስጌ ምሥራቅ ነው። ሌላ ምን ሊሆን? የሚጸለየው ወደ ምሥራቅ፣ መቅደሱ በምሥራቅ፣ ሙት እንኳ ሲቀበር ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ከሰባር በስተምሥራቅ ያለችው ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት!

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ወደ ምሥራቅ ቆመው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄስ ወልደ ገብርኤልም መጡ። እሳቸውም ያው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና መስቀሏን ያዩት በምሥራቅ ነው። ብዙ ቆይተው፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው አጉረመረሙ። ቢሆንም ከሽማግሌ ቃል አልወጡም። በዘንድሮው ከተራ ኪዳነ ምሕረት ትቀድማለች ተባለ። መሪጌታ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፋቸው ማር ሆነ።

በከተራው ጠዋት ሶልያና ለበዓሉ መጣች። አባቷ እጇን ይዘው እየጎተቱ ወደ አዳራሹ ወሰዷትና መስቀሏን በኩራት አሳዩአት።

«እንዴ አባባ፣ ይቺማ ጊዮርጊስ ናት» አለች። «የካርታ ላዩ ሰሜን ነው እኮ።»

«በማን አገር?»

«በሁሉም አገር።»

መሪጌታ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። አንድ ጊዜ ካርታውን፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዩ።

«ይህን ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«እኔና እርስዎ ብቻ። ይተዉት አባባ፤ ሠዓሊውስ አንዱን ዘንግቶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ዛሬ በዓል ነው።»

እሳቸውም ለመተው ቆረጡ። ካባቸውን ደርበው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ሜዳው ላይ ተገናኙ። የጊዮርጊስ ሰዎች እንደ ቃላቸው ወደ ዳር ቆመው መንገድ ለቀቁ። ከበሮው ተመታ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ሊያዜሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን እንቢ አላቸው። ስንቱን ተማሪ ስለ አንዲት ምልክት አቁመውታል! አሁን ይህን ሁሉ ስሕተት ይዘው በዜማ ሊገቡ ነው? ዐፈሩ። መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ከበሮው ቆመ።

«አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ያ ካርታ ራስጌው ሰሜን ነው። መስቀሏ የጊዮርጊስ ናት። ተመለሱና ቅደሙ።»

የራሳቸው ሰዎች ጉምጉምታ አሰሙ። አንዱ፣ «ምነው መሪጌታ፣ ዛሬን እንኳ ቢውጡት!» ብሎ ጮኸ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ሕዝቡን አልፈው መጡ።

«ሰሜን መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት።»

«ዝም ብትል እኮ እኛ አናውቅም ነበር።»

«አታውቁም ነበር።»

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንግዲህ ቀዳሚዎቹ እኛ ከሆንን ማን ይቅደም የማለት ሥልጣኑም የእኛ ነው። እመቤታችን ትቅደም! ጊዮርጊስ ከኋላዋ ይከተላል» አሉ።

ሜዳው በእልልታ ተናጠ። ከበሮው እንደ ገና ተመታ። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን መንገድ ከፊት ሆነው ጀመሩት፤ ዜማው ግን እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ሶልያና ከጎናቸው ተጠጋች።

«ይኸው ቀደሙ! ደስ አላለዎትም አባባ?»

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «እስካሁን ወልደ ገብርኤልን ስጠላው እንዴት ቀሎኝ ኖሯል!»