የፈትለወርቅ ጉዳይ

የአቶ ይርዳው ድምፅ በቤተ መጻሕፍታችን የቅዳሜ ውይይት ላይ መገኘት የጀመረው፣ አቶ ይርዳው ራሳቸው ወድቀው አፋቸው በተያዘ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ድምፁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። «እንደምን አደራችሁ» አለ። በሁለተኛው ረድፍ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት ሲጥ አለ። የዕለቱ ርዕስ የምንጭ ውሃ አጠባበቅ ነበር። ድምፁ ሁለት ጊዜ አስተያየት ሰጠ፤ ሁለቱም ጠቃሚ ነበሩ። በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ «ይርዳው ተሰማ» ብዬ ጻፍኩና በፊርማው ቦታ ሰረዝ አደረግሁ።

የዋንዛ በር ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እኔ ነኝ። ከጥበቃው ከጋሽ መኮንን በቀር ሌላ ሠራተኛ የለም። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲጥል እስከ ዛሬ ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ማክሰኞ የእናቶች የጤና ውይይት፣ ሐሙስ የሕፃናት ተረት፣ ቅዳሜ የማኅበረሰብ ውይይት አለን። ድምፁ ከዚያ ወዲህ ከሦስቱም ቀርቶ አያውቅም።

አቶ ይርዳው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣቸውም ነበር፤ ከአሥሩም አራቱ ለመኪናው ነው። ድምፁ ግን ተናጋሪ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ የጅቡንም የአህያዋንም ቃል እየለዋወጠ ተረት ሲያወራ፣ ሕፃናቱ ከወንበሩ አጠገብ ለመቀመጥ ይጋፉ ጀመር። የመጡት ልጆች ብዛት ከዘጠኝ ወደ ሃያ ስድስት አደገ። በሪፖርቴ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ወሬው ለእትዬ ደብሪቱ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እትዬ ደብሪቱ የአቶ ይርዳው ባለቤት ናቸው። አንድ ማክሰኞ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ድምፁ ስለ ጡት ማጥባት እየተናገረ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ ሰሙት።

«እሱ ነው» አሉኝ። «ቤት አልጋ ላይ አስተኝቼው ነው የወጣሁት። ደግሞ እዚህ አለ።»

«በየሳምንቱ ይመጣል፣ እትዬ።»

«አንድ የምጠይቀው ነገር አለ» አሉና ገቡ።

የሚጠይቁትን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ልጃቸው ፈትለወርቅ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በአባቷ የጭነት መኪና ተሳፍራ ወጣች። አቶ ይርዳው በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ። «ሥራ ይዛለች። አትፈልጊያት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እትዬ ደብሪቱ አሥራ አንድ ዓመት ጠየቁ፤ አቶ ይርዳው አሥራ አንድ ዓመት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አሁን አፋቸው ተይዟል፣ እጃቸውም አይታዘዝም። ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገሩም ብሏል። ልጅቱ የት እንዳለች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

እትዬ ደብሪቱ ከወንበሩ ፊት ቆሙ። ባላቸውን ፊት ለፊት ሲያናግሩ አንቱ ነው የሚሏቸው።

«ልጄን የት ነው ያደረሷት?»

«እናቶች» አለ ድምፁ ረጋ ብሎ፣ «ከርዕሱ ባንወጣ ጥሩ ነው።»

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ከሕፃናቱ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ እጃቸውን አወጡ። አባቷ ስለሸኛት ልጅ ተረት እንዲነገራቸው ለመኑ። ድምፁ የዛሬው ተረት የዝንጀሮዋና የኤሊው ነው አለ፤ አወራውም። ቅዳሜ ስለ መንገድ ጥገና ስንወያይ እንደገና ጠየቁ። ለአራት ሳምንት አንድም ፕሮግራም አላመለጣቸውም። አሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ያው መልስ ተሰጣቸው። በመጨረሻው ቀን ተንበርክከው የወንበሩን እግር ይዘው አለቀሱ። ተሳታፊዎቹ ወደ መሬት አዩ። ድምፁ ስለ ቦይ ጠረጋ መናገሩን ቀጠለ።

እጃቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

«እግሩን ስሜ እንዳልለምነው እግር የለው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና አዩኝ። «ትርንጎ፣ እሱ ከርዕስ አይወጣም አይደል?»

«አይወጣም።»

«እንግዲያው ርዕስ አድርጊልኝ።»

ርዕስ የማጽደቅ ሥልጣን የእኔ አይደለም። ቅጹን ሞልቼ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ወደ ከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወደ አቶ ሽመክት ሄድን። አቶ ሽመክት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«‹የፈትለወርቅ ጉዳይ›። የሽመና ሥልጠና ነው?»

«ልጄ ናት» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«‹ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ጥቅም› የሚለው ባዶ ነው።»

«ማኅበረሰብ የሚባለው ስንት ሰው ሲሆን ነው?»

አቶ ሽመክት ከመሳቢያው መመሪያውን አውጥቶ ገለጠ። ጊዜ ወስዶ ፈለገ። «ቁጥር አልተቀመጠለትም» አለ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ። በል ጻፈው።»

ጻፈውና ማህተም አደረገበት።

ማስታወቂያውን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ርዕሱ የፈትለወርቅ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሁሉም እንደተጋበዘ። ቅዳሜ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። አቶ ይርዳውን ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አምጥተው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ ሚስታቸው አንገታቸውን በፎጣ ደግፈውላቸው ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ድምፁ ገባ። ወንበሩ ሲጥ አለ። ሰውየውና ድምፃቸው በአንድ ክፍል ሲገኙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ርዕሱን አነበብኩና ዕድሉን ለእትዬ ደብሪቱ ሰጠሁ።

«ልጄን የት ነው ያደረሷት?»

«መተማ» አለ ድምፁ። ወዲያው ነው የመለሰው። «አርግዛ ነበር። ሰው ሳያውቅ እንድትሄድ ፈለግሁ። እኔ ሂጂ ስላት እምቢ አለች። ከመኪናው አልወርድም ብላ በሩን ያዘች። ስለዚህ እናትሽ ናት ያለችው አልኳት። ‹እናትሽ ከእንግዲህ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም ብላለች› አልኳት። ያን ጊዜ በሩን ለቀቀች። ወረደች።»

የአቶ ይርዳው ዓይን እንባ ሞልቶ በጉንጫቸው ወረደ፤ የሚጠርግላቸው ስላልነበረ እስከ አንገታቸው ደረሰ።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ባላቸው አልዞሩም። ወንበሩን እያዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት።

«አንተ። እኔ እንዲህ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«በሕይወት አለች?»

«በየዓመቱ ለፋሲካ ትደውላለች። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ትንሽ እሰማና እዘጋዋለሁ። ቁጥሯን ስልኬ ላይ ‹ጎሚስታ› ብዬ ነው የመዘገብኩት።»

እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ደረት ከተው የባላቸውን ስልክ አወጡ። «ማን ነው ስለው ጎሚስታ ነው ይለኝ ነበር» አሉኝ። «በበዓል ምን የጎማ ሥራ አለ ብዬ እኮ ጠይቄዋለሁ።» ከዚያ ለድምፁ፣ «ንገራት። እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንተ ነህ የነገርካት፣ አንተው ንገራት» አሉት።

«ከርዕሱ ጋር ይሄዳል» አለ ድምፁ።

ቁጥሩን ደውዬ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩና ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። አራት ጊዜ ጠራ።

«አቤት» አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል።

«ፈትለ፣ አባትሽ ነኝ።»

የወፍጮው ድምፅ ራቅ አለ።

«ዛሬ መናገር ጀመርክ?» አለች።

«እናትሽ እንደዚያ አላለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሷ አታውቅም።»

«አጠገብህ አለች?»

«አለች።»

«ስጣትና ራሷ ትንገረኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከንፈራቸው «ልጄ» ሲል አይቻለሁ፤ ሃያ ሦስቱም ሰው አይቷል። የወጣ ነገር አልነበረም። እንደገና ሞከሩ። በዚያው ቅጽበት በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመጽሔቶቹ መደርደሪያ ሥር ያለው ባዶ ወንበር ሲጥ አለና በእትዬ ደብሪቱ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የኔ ልጅ» አለ።

«እማ?» አለች በስልኩ። «እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ ልጄ! አለሁ!» አለ ወንበሩ።

ስልኩን ከእትዬ ደብሪቱ እጅ ነጥቄ ሮጥኩ። በእኔና በወንበሩ መካከል ስድስት እርምጃና የተቀመጠ ሰው አለ፤ ድምፁ እስከ ስልኩ አይደርስም ነበር። ሰዎቹ ለመነሳት ሞክረው እርስ በርስ ተጋጩ።

«ዝም አልሽ» አለች ፈትለወርቅ። «እሺ። እውነት ነው ማለት ነው።»

ከወንበሩ ስደርስ ዘግታው ነበር። መልሼ ስደውል ስልኳ ተዘግቷል።

በቃለ ጉባኤው ላይ ውይይቱ ሳይቋጭ እንደተበተነ ጻፍኩ። እትዬ ደብሪቱ ባላቸውን አሸክመው ወደ ቤት ሄዱ። ድምፃቸው አልተከተላቸውም፤ በምን በኩል እንደወጣ አላየሁም።

ርዕሱ እንዲደገም ጠየቅሁ። አቶ ሽመክት ፈቀደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ደብሪቱ አፋቸውን ሸፍነው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ድምፆች በየቦታቸው ነበሩ። ስልኩን ይዤ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አጠገብ ቆሜ አሥራ አራት ጊዜ ደወልኩ። የእትዬ ደብሪቱ ድምፅ በየመሃሉ፣ «አነሳች? አነሳች እንዴ?» ይለኛል። እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው በዓይናቸው ያንኑ ይጠይቁኛል። ለሁለቱም አላነሳችም እላለሁ። መተማ ዘመድ ያላቸውን ሰዎች አጠያየቅን፤ በሁለት ወፍጮ ቤቶች አስጠየቅን። አንዱ ዘንድ እንደዚህ ያለች ሴት ትሠራ ነበር፣ ዕቃዋን ይዛ ለቃለች ተባለ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አቶ ይርዳው አረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ቀበርናቸው። ፕሮግራሙን ወደ ከሰዓት ስላዛወርነው ድምፁ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። ሰዎች ከቀብር መልስ ስለነበሩ ወደ ወንበሩ እየቀረቡ፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት።

«አሜን» አለ ድምፁ። «ደክሞት ነበር።»

እትዬ ደብሪቱ ጥቁር ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ማልቀስ ሞከሩ። ልቅሶው ከሦስተኛው ረድፍ ወጣ። ከኋላቸው የሚመጣውን የራሳቸውን ልቅሶ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙ ነበር። ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በአራተኛው ቅዳሜ የመጣው ሰባት ሰው ነው። ሌላው ሰልችቶታል፤ አልፈርድበትም። ርዕሱን አንብቤ ስልኩን ሳነሳ በሩ ላይ፣ «መግባት ይቻላል?» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። በሩ ክፍት ነበር። ደፉ ላይ የጠዋት ፀሐይ እንጂ ሌላ አልነበረም።

«ይቻላል» አልኩ። «ስም ማን ልበል?»

«ፈትለወርቅ ይርዳው።»

«እኔም አለሁ» አለ ሌላ፣ ቀጭን የልጅ ድምፅ። «ሜሮን።»

ጻፍኳቸው። ሁለት ሰረዝ አደረግሁ።

እትዬ ደብሪቱ ተነስተው ወደ በሩ ሮጡ። እጃቸውን ዘርግተው አየሩን አቀፉ፤ ወደ ግራ አቀፉ፣ ወደ ቀኝ አቀፉ፣ በጉልበታቸው ወርደው ዝቅ ብለው አቀፉ። ሁለት ወንበሮች በሦስተኛው ረድፍ ሲጥ ሲጥ አሉ።

«እማ» አለች ፈትለወርቅ ከዚያ።

«ነይልኝ፣ የኔ ልጅ» አለ የእናቷ ድምፅ። «እኔ አላልኩም። በማርያም፣ እኔ አላልኩም።»

«ሰምቻለሁ።»

«አያቴ ይቺ ናት?» አለች ልጅቱ።

«እኔ ነኝ፣ ሆዴ።»

እትዬ ደብሪቱ በሩ ሥር እንደተንበረከኩ ደረታቸውን ይመቱ ነበር። ወደ ሦስተኛው ረድፍ በእጄ አሳየኋቸው። መጡ። በወንበሮቹ መሃል ቁጭ አሉና የፕላስቲኩን መደገፊያ ይዳስሱ ጀመር። «ሰውነትሽ የት ነው ያለው፣ ፈትለወርቅ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እኛ ደርሰናል» ብቻ አለች። ይቅርታ ሲጠየቅ፣ ይቅርታ ሲሰጥ፣ ስለ ልጅቱ ትምህርት ሲወራ፣ አባትየው የጅቡን ቃል አስመስሎ ልጅቱ ስትስቅ ሰማን። ሰባቱም ሰው አለቀሰ። እትዬ ደብሪቱ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየዞሩ፣ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ፣ እኔን ይጎትቱ ነበር። ምን ልንገርልዎት ብላቸው መናገር አይችሉም።

አምስት ሰዓት ሲሆን፣ «በሉ እንሂድ፣ ቤት እንግባ» አለ የአቶ ይርዳው ድምፅ።

አራቱ ወንበሮች በተራ ሲጥ አሉ። ጋሽ መኮንን የግቢውን በር ከፈተ። «ደህና ዋል» ተባለ፤ በአራት ድምፅ፣ አራት ጊዜ። አንድ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። የኋላ መቀመጫው አራት ጊዜ ዝቅ አለ፤ በመጨረሻው ጊዜ በጥቂቱ ብቻ። ሹፌሩ ወዴት እንደሆነ የተነገረው ይመስል ራሱን ነቀነቀና ተነሳ።

እትዬ ደብሪቱ ጫማቸውን ጥለው በመሃል አስፋልት ይሮጡ ነበር። አፋቸው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከሚርቀው ባጃጅ ውስጥ የራሳቸው ሳቅ ይሰማል።