የተቆረጡት የታች ቅርንጫፎች

ቨርሊንና ባሏ ክሊዮታ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ የቆመውን የማግኖሊያ ዛፍ ክሊዮታ የተከለው በተጋቡ ዓመት፣ ከወንዙ ዳር ጫካ ነቅሎ አምጥቶ ነው። ዛሬ ከጣሪያቸው ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ በግንቦት ሰሃን የሚያህል ነጭ አበባ ያወጣል።

ቅጠሉን ግን ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል። እንደ ጫማ ሶል የደረቀ፣ ቶሎ የማይበሰብስ ቅጠል። ቨርሊን ሠላሳ ዓመት ጠረገችው። ዘንድሮ ሰባ አራት ሞላት። ክሊዮታን ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለ፣ አንደበቱም ከተያዘ ሰባት ወሩ ነው። እሱን አጥባ፣ አልብሳ፣ አጉርሳ ስትወጣ ግቢው እንደገና ቅጠል ለብሶ ይጠብቃታል።

በነሐሴ፣ "በቃኝ" አለችኝ። "ወይ ዛፉ ይውደቅ፣ ወይ እኔ ልውደቅ።"

ዛፍ ቆራጩ ሃርዊን መጋዙን ጭኖ መጣ። ክሊዮታ በረንዳው ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እኔም ተሻግሬ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሃርዊን ዛፉን ዞረው፤ ግንዱ ላይ ያሉትን የድሮ የመጋዝ ጠባሳዎች ደባበሰ።

"ሚስ ቨርሊን፣ የታች ቅርንጫፎቹን ማን አስቆረጣቸው?"

"እኔ ነኛ። መንገዱን ጋረዱብኝ። ምነው?"

"መሬት ድረስ እንደወረዱ ቢተዉ ኖሮ እኮ ቅጠሉ እዚያው ሥራቸው ተሸፍኖ ይቀር ነበር። መጥረግ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።"

ከበረንዳው እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ክሊዮታ ነው። እየሳቀ ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ያነባል። ያኔ እሱ አይቆረጡም ብሎ በእነዚያ ቅርንጫፎች የተነሳ ወር ሙሉ ተኳርፈው ነበር። በመጨረሻ እሷን ደስ ይበላት ብሎ በገዛ እጁ ቆረጣቸው።

"ሳቅ! ሳቅ አንተ ሽማግሌ! ወገቤ ሲቆረጥ እያየህ ሠላሳ ዓመት ዝም አልከኝ?"

ክሊዮታ ከአፉ ጋር ታገለ። "ነግሬ... ሽ ነበር" አለ።

ከታመመ ወዲህ ሰው የሰማው የመጀመሪያ ንግግሩ ነው። ቨርሊን ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ደክሟታል፣ ያ ብቻ ነው።

"እና ልቁረጠው?" አላት ሃርዊን።

"ተወው እስቲ። ዛሬ ምንም ነገር መወሰን አልችልም።"

ከዚያ በኋላም አልጠራችውም። አሁን የምትጠርገው ከደረጃው እስከ መኪናው ያለውን፣ የወንበሩ ጎማ የሚያልፍበትን ብቻ ነው። የቀረው ግቢ ቅጠል እንደለበሰ ነው፤ መንገደኛ ቢያየው ግድ የላትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔም እሻገርና ክሊዮታን በአንድ ጎን እደግፈዋለሁ።