ሚጣን የሚያደርሰው ፒክአፕ

እስቲ ፍረዱኝ። አልጋ፣ ፍራሽና ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ያላት ልጅ በአውቶቡስ ትሂድ ይባላል? ባሌ ግን አለ። «ሻንጣዋን ይዛ ትሂድ፤ ሌላውን እዚያው ትገዛዋለች» አለ። እኔ ልጄን እንደተባረረች ሠራተኛ በአንድ ሻንጣ አልሸኛትም አልኩ። የባንክ ሥራ ነው ያገኘችው፤ ያውም በትልቅ ከተማ። ታናሽ እህቴ ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችላት ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አፌን ሞልቼ አውርቻለሁ። ልጅቷስ ምን አለች ትሉኝ ይሆናል። ምን ትላለች፣ ደስ ብሏታል እንጂ! ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷትም ሚጣ እንላታለን።

እናም ዕቃዋ በፒክአፓችን ይሂድ ተባለ። ፒክአፑ ከትዳራችን በዕድሜ ይበልጣል፤ እንደ ትዳራችንም በየጊዜው እየተበየደ ነው የቆየው። ባሌ ቁምሳጥኑን ከአናጢው ቤት ጭኖ ሲመለስ ጉድጓድ ገባና ከኋላ የሆነ ነገር ጓ አለ። ከሥሩ ገብቶ አየና አቧራውን እያራገፈ ወጣ። «አክስሉ ተጣሟል። ባሌስትራውም እንክት ብሏል» አለ። አክስል የሚሉት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘውንና የሚያዞረውን ብረት ነው፤ ባሌስትራ የሚሉት ደግሞ እነዚያን ተደራርበው የመኪናውን ጀርባ የሚሸከሙትን ጠፍጣፋ ብረቶች ነው። ቁምሳጥኑ ከብዶት ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን ሲያይ ዋጠው።

«ጋራዥ ውሰደዋ!» አልኩት።

«እኔ በቁሜ?» አለ።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናውን ሌላ ሰው ከነካበት ሚስቱን የነኩበት ያህል ይቆጣል። እንዲያውም እኔን ቢነኩኝ መጀመሪያ ምክንያቱን ይጠይቃል።

ከአሮጌ ብረት ሻጩ ዘንድ ሌላ አክስልና ባሌስትራ ይዞ መጣ። መኪናውን ግቢው መሃል በክሪክ አነሣው፤ ጎማዎቹን አውልቆ ከሥሩ ተጋደመ። ሚጣም እንደ ልማዷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መፍቻ የምታቀብለው እሷ ናት። እጁን ሲዘረጋ፣ ገና ቁጥሩን ሳይጠራ፣ የሚፈልገው መፍቻ መዳፉ ላይ ነው። እኔም በኩሽናው መስኮት ቆሜ የድርሻዬን ሠራሁ፤ ጨቀጨቅኩ።

«አለቀ?»

«የዛገ ብሎን በምላስ አይፈታም» አለ ከታች። «በምላስ ቢፈታማ ኖሮ በአንቺ ምላስ ይሄኔ ተፈትቶ፣ ተገጥሞ፣ ታጥቦም ነበር።»

እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ይህ ሰውዬ ልጁን መልቀቅ አቅቶታል፤ ሆን ብሎ ነው የሚጎተተው። ይህንኑ ለጎረቤታችን ለበያጁ ነገርኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «እትዬ፣ እሳቸው ልጃቸውን ማስቀረት ቢፈልጉ የመኪናውን ቁልፍ መደበቅ ይበቃቸው ነበር» አለኝ። ወንድ ለወንድ መቼ ይጨካከናል!

የተጣመመው አክስል ወጥቶ አዲሱ ሊገባ ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አዲስ የምለው ለእኛ አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ስንቱን መኪና እንደቀበረ እንጃ። በዚህኛው ላይ የባሌስትራው መቀመጫ ከአክስሉ በታች በኩል ነው የተበየደው። በእኛ መኪና ደግሞ ባሌስትራው የሚያርፈው ከአክስሉ በላይ ነው። በያጁ ተጠርቶ መጣ። «ቆርጬ በላይ በኩል ልበይድልዎት እችላለሁ፤ ግን ቀብድ የተቀበልኩበት የብረት በር አለብኝ፣ ማክሰኞ ይሁን» አለ።

«ማክሰኞ!» ብዬ በመስኮቱ ግማሽ አካሌ ወጣ። «ሰኞ ማን ቁጭ ብሎ ሊጠብቃት ነው? አንተ ሰውዬ፣ አንድ ብረት መግጠም አቅቶህ ልጄን ልታስቀራት ነው?»

ባሌ አክስሉን ወደዚህ አለው፣ ወደዚያ አለው። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ብገለብጠውስ?»

ገለበጠው። መቀመጫዎቹ ወደ ላይ ሆኑ፤ ባሌስትራው ልክክ አለ። ሚጣ መፍቻ እንደያዘች አክስሉን ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ አባቷን አየችው።

«ምነው?» አልኳት።

«አይ፣ ምንም።»

«በይ እንግዲያው አቀብዪው! ጊዜ የለንም።»

አቀበለችው። እሱም ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ያን ዕለት አንዴም አልጨቀጨቅኩትም፤ እንዲያውም አመሰገንኩት።

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ሊሸኛት ግቢያችን ሞላ። ዕቃው ተጭኖ በገመድ ታስሯል። እኔ ከበሩ ጎን ቆሜ፣ ያለኝን ደህና ቀሚስ ለብሼ፣ የባንኩን ፎቅ ብዛት ለማያውቁት እየነገርኩ ነው። ሚጣ ከፊት ተቀመጠች። ባሌ ሞተሩን አስነሣና አንደኛ ማርሽ አስገባ።

መኪናው ወደ ኋላ ሄደ።

ሊሸኙ የመጡት ተንጫጭተው ተበተኑ። ባሌ ፍሬን ያዘ፣ ማርሹን አየው፣ እንደገና አንደኛ አስገባ። እንደገና ወደ ኋላ። የውሃ በርሜሌን ደረመሰልኝ። በያጁ ሆዱን ይዞ አጥሩ ላይ ተደገፈ።

«አንተ ሰውዬ! መንዳትም ጠፋህ?» አልኩ።

እሱ ግን የኋላ ማርሽ አስገባ፤ መኪናው ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ፣ ወደ ፊት ሄደና በሩ ላይ ቆመ። ባሌ ወረደ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«አክስሉ ሲገለበጥ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስም አብሮ ተገልብጧል» አለ። «ወደ ፊት የነበሩት ማርሾች በሙሉ ወደ ኋላ ሆኑ፤ የኋላው ብቻ ወደ ፊት።» ትንሽ አሰበና ወደኔ ዞረ። «ግድ የለም። በኋላ ማርሽ እወስዳታለሁ።»

«ያን ሁሉ መንገድ?»

«ሌሊቱንም ከነዳሁ ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ትገኛለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አልቀለደም። ልጁን ለማስቀረት ይጎተታል ያልኩት ሰው ይኸው ነው። አንጀቴን በላው።

ያኔ ሚጣ ከመኪናው ወርዳ አለቀሰች።

«አባዬ፣ አውቄ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ስትገለብጠው። እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር።»

«ያን ሁሉ ብሎን ሳጠብቅ? አንቺው መፍቻ እያቀበልሽኝ?»

«አዎ።»

ባሌ በሙያው ይቀየማት ወይስ ልጁ ልትቀርለት ነውና ደስ ይበለው፣ ሁለቱ ተደባለቁበት። ዞር አለና የመኪናውን የፊት መስታወት በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። የታጠበ መስታወት ነው።

እኔ ግን እሳት ጎረስኩ። «መሄድ ካልፈለግሽ አፍ የለሽም? ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር እማዬ።»

«መቼ? ለማን?»

«አናጢው ጋ ልትሄጂ ስትወጪ፣ አልሄድም፣ እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ቁምሳጥኑ ስንት በር ይሁንልሽ አልሽኝ።»

 እንዲህ አላልኩም ልል ነበር። ግን ብያለሁ። ሦስት ይሁን ብዬ የመለስኩትም ራሴ ነኝ። 

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ተነሣችሁ?»

ሰፈሩ ጆሮውን አቁሞ ያየኛል።

«አትመጣም» አልኩ።

«ውይ! ያ መኪና ተበላሸ?»

ተበላሸ ብል ማን ይፈርድብኝ ነበር? በርሜሉ ተንከባሎ፣ መኪናው በር ላይ ተገትሮ፣ ስንት ምስክር ቆሞልኝ።

«መኪናው ይሄዳል» አልኳት። «ልጄ ናት አልሄድም ያለችው።»

«ምን?! አንቺስ ምን አልሻት?»

ሚጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች።

«ምንም» አልኩ። «ሰማኋት።»