የማርታ ጠበቃ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የሱቋን በር ገርበብ ታደርግና የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ታጸዳለች። ጨርቁ ይነሣል፣ ጠመኔው ይነሣል፣ መቀሱ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል። በምትኩ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ አሥር አሥር የሸሚዝ ቁልፍ ይቀርባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ቁማር ሊጫወቱ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ሕጉን ያወጡት አክስቷ ናቸው። እኚህ ሴት ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ከነተንኮሉ አለ። አንዱ ያነባል፤ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ያነበበው ሰው ታሪኩን በራሱ አንደበት ይተርካል። ከኪሱ የጨመረው ነገር ከተገኘበት ለእያንዳንዷ ጭማሪ አንድ ቁልፍ ጣሳው ውስጥ ይጥላል። ሌላው ሁሉ ሳያስተውለው ያለፈውን፣ ግን እዚያው መጽሐፉ ላይ ያለውን ነገር ካገኘ ደግሞ ከጣሳው አንድ ይመለስለታል። ትርጓሜ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። አክስትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ነገሩ ሲሸታቸው፣ «ተጽፏል?» ይላሉ። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ተጽፏል» ይላቸዋል። ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል።

ሕጉ የወጣው በከንቱ አይደለም። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው። ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን ያወለቀው ስለጠበበው ነው ብሎ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተሟግቶ አራት ቁልፍ ከፍሏል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ደግሞ ከሚስቱ ጋር በተኳረፈ ሰሞን ሚስቶች ለባሎቻቸው እንዲገዙ የሚለውን ቦታ ይዞ ሲመጣ፣ እማማ ከዚያ በላይና ከዚያ በታች ያለውን አስነበቡት። ባሎች ራሳቸውን አሳልፈው እስከ መስጠት እንዲወዱ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ድምፁ እየሰለለ ሄደ፤ ያን ዕለት የትም ሳይቆም ቤቱ ገባ። በሌላ ቅዳሜ ግን ቀንቶታል። አንድ ባለሥልጣን በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን መጽሐፍ ሲያነብ የነበረበት ታሪክ ሲነበብ ብድግ አለና፣ «ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ ነው የሚለው። ማንን ነው ያዘዘው? ፈረሶቹን? ሹፌር ነበረው ማለት ነው!» አለ። እማማ ብዙ አሰቡና ከጣሳው አንድ ቁልፍ አውጥተው ሰጡት። ያችን ቁልፍ ሚስቱ ሸሚዙ ላይ ተክላለታለች።

ዛሬ ተራው የልብስ ሰፊዋ ነበር፤ እሷም እንደ ዛሬ ተዘጋጅታ አታውቅም። ምክንያት አላት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ስፌት በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ሰማንያ አራት ቀሚስ ጠርዙ ሳይሰፋ ተከምሮ ሳለ፣ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷው ናት። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ታላቅየው የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ነው የኖሩት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። ርቀቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ልጅቷ እዚያው ሰፈር ዳር ክፍል ተከራይታ፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት እየሠራች የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሳለች። አሁን ሩቅ ከተማ ተመድባ ነገ ማለዳ ልትሳፈር ነው። ትናንት በጫማ ሰፊው በኩል፣ «ከመሄዴ በፊት ብመጣ ትቀበለኛለች?» ብላ ላከች።

«ነገ ከንባቡ በኋላ መልሱን ትወስዳለህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። መልሱን ራሷ ልትሰጥ አልፈለገችም፤ ከመጽሐፉ አውጥታ፣ በሦስት ምስክር ፊት አስፈርዳ ልትልክላት ነበር ያሰበችው። ለዚህም የሁለቱን እህትማማቾች ታሪክ መረጠች።

«ዛሬ ጠበቃ ሆኜ ነው የቀረብኩት» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የማርታ ጠበቃ።»

ጫማ ሰፊውና ሹፌሩ ተያዩ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልብስ ሰፊዋ አነበበች፤ አጭር ናት፣ አምስት ቁጥር ብቻ። መጽሐፉን ዘጋችና ትረካዋን ጀመረች።

«ማርታ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ...»

«ተጽፏል?»

አንድ ቁልፍ ጣሳው ውስጥ ወደቀ።

«እሺ ይቅር። እንግዳው መጣ። ማርታ ወጥ ቤት ገብታ፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት...»

«ወጥ ቤት ተጽፏል? ጭስ ተጽፏል?»

ሁለት ቁልፍ።

«ማገልገል በዝቶባት ባከነች ይላል እኮ እማማ! ያን ሁሉ ሥራ ያለ ጭስ ነው የሠራችው?»

«እኔ እንጃ፣ ስታነቢው ጭስ አልሸተተኝም» አሉ እማማ።

«እሺ። ታናሽ እህቷ ማርያም...»

«ታናሽ ይላል እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

መጽሐፉ ተከፈተ። እህት እንዳላት ይናገራል፤ ታላቅና ታናሽ የሚል ነገር ግን የለም። ልብስ ሰፊዋ ገጹን ደግማ አየችው። ለእሷ ዕድሜዋን ሙሉ ማርያም ታናሽ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የምታስር፣ ቁርጥ ያቺ መስኮት ሥር የምትቀመጠዋ ልጅ። ለዚህች ማርያም አንድ ቁልፍ ከፈለች።

«ማርያም፣ ሰነፏ...»

«ተጽፏል?» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፤ አምስተኛው ቁልፍ ወደቀ። ሹፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ቆሽቷ አረረ። የቀረችው የጌታ መልስ ናት፤ እሷንም ቢሆን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ እንደ ዳኛ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች፣ «ማርታ! ማርታ!» ብላ ጀመረች። እማማ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቁጣው ተጽፏል?»

«ስሟን ሁለቴ ጠራትኮ!»

«እኔም አንቺን ሕፃን ሳለሽ ወድቀሽ ስታለቅሺ ሁለቴ ነበር የምጠራሽ። ተቆጥቼ ነበር?»

ስድስተኛው ቁልፍ። ይህን ጊዜ ጫማ ሰፊው ዕድሉን አገኘሁ ብሎ ዘው አለ። እሱ ለልጅቷ ያዳላል፤ ነገ የምትሳፈርበትን ጫማ እንኳ ሶሉን የቀየረላት እሱ ነው።

«ፍርዱ እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ። «ሥራ ከንቱ ነው ተባለ። ማርታም አፍራ ወጣች።»

«አፍራ ወጣች ተጽፏል? ሥራ ከንቱ ነው ተጽፏል?» አሉ እማማ። «አንተም ሁለት ጣል። ለማርታ ጠበቃ ቆመላት ብዬ ለማርያምም ሌላ ጠበቃ!»

ልብስ ሰፊዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሰው የመለኪያ ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። ዝም ብላ ከለካችው ልብሱ ተሰፍቶ ያምራል፣ ሰውየው በተነፈሰ ማግሥት ግን ይተረተራል። ስለዚህ ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ፣ ዝናቡ እንዴት ነው ትለዋለች፤ ወሬ ይዞት ሲተነፍስ ቶሎ ብላ ትለካዋለች። እማማ ይህን ጉድ ስንቴ ተቀምጠው አይተዋል።

«ልጄ» አሏት አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እስቲ ተንፍሺ። ሆድሽን ስበሽ ነው የምታነቢው።»

ልብስ ሰፊዋ እንደ መናደድ ብላ መጽሐፉን ዳግመኛ ሳበችው። አሁን ለማሸነፍ አልነበረም የምታነበው፤ አራት ቁልፍ ብቻ ነበር የቀራት፣ ሰግታለች። ቃል በቃል በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ማርታ ቀርባ ስሞታዋን የምታሰማበት ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ለማን ነው የነገረችው?» አለች።

«ለጌታ ነዋ» አለ ሹፌሩ።

«እህቷስ የት ነበረች?»

«እግሩ ሥር።»

«ታዲያ እዚያው ነበረች እኮ! ክንድ በማትሞላ ርቀት!»

«ክንዱ አልተጻፈም» አሉ እማማ፤ ግን ቁልፍ ጣዪ አላሉም።

«እህቴ ሆይ፣ ሥራው ከበደኝ፣ ተነሽና አግዢኝ አላለቻትም። ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች ለእንግዳው ከሰሰቻት። እርጂኝ የምትለውን ቃል እንኳ እሱ እንዲነግርላት ነው የፈለገችው።»

«ምናልባት አስቀድማ ነግራት እንቢ ብላት ይሆናላ» አለ ሹፌሩ ሊያጽናናት።

«ተጽፏል?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

እማማ ዓይናቸውን ሙሉ ለሙሉ ገለጡ። «አልተጻፈም» አሉ። «ትንገራት አትንገራት የማርታን አናውቅም። የአንቺን ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አዎ፣ ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ለደንበኛ ሁሉ ተናግራለች። አውቶቡስ ውስጥ ለሹፌሩ ተናግራለች፣ ሶል ስታስቀይር ለጫማ ሰፊው፣ ሲመሽና ሲነጋ ደግሞ ለፈጣሪ። ሰፈሩ ውስጥ በደሏን ከራሷ አፍ ያልሰማ ሰው ቢኖር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ልጅቷ ናት። ፊቷ ቀላ። መጀመሪያ እንደ ማልቀስ አደረጋት፣ ከዚያ ሳይታሰብ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር አብሮ ቀለለ። እማማ ጣሳውን እንዳለ ወደ እሷ ገፉት፤ እሷ ልብ አላለችውም።

«እንግዲህ ምን ብዬ ልንገራት?» አለ ጫማ ሰፊው።

«ምንም አትንገራት። አፍ አለኝ።»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ወንበሩ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ እህቷ መሐል ወለሉ ላይ ተንበርክካ የታሰረ ካርቶን ላይ አድራሻ ትጽፋለች። ቀና ስትል እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

«እታለም!»

«ቆይ፣ እኔ ልጀምር። ካቆምሽኝ አልጨርሰውም» አለች ታላቅየው በሩ ላይ እንደቆመች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጥለሽኝ ሄድሽ። ሰማንያ አራት ቀሚስ ላይ ጥለሽኝ ሄድሽ፣ ደኅና ሁኚ እንኳ ሳትዪኝ። ተቀይሜሻለሁ። ናፍቀሽኛል። ይኸው ነው።»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ቀጥሎ ግን የሆነው ልብስ ሰፊዋ ያልጠበቀችው ነው፤ ልጅቷ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ተመስገን ነው የምለው! ይህንኑ ከዳቦ ገዢ ሰማሁት፣ ከአውቶቡስ ሹፌር ሰማሁት፣ ከጫማ ሰፊ ሰማሁት። ካንቺ ስሰማው እኮ እንደዚያ አያስፈራም!»

«ታዲያ መጥተሽ አትሰሚኝም ነበር?»

«ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በሩ ጋ ስደርስ የስፌት መኪናው እንደ መዓት ይጮሃል። ዛሬም ደሟ እንደፈላ ነው ብዬ እመለሳለሁ።»

«ዘይት አልቆበት ነው እንጂ! አንቺ ደግሞ የመኪና ጩኸት ሰምተሽ ልቤን አነበብሽ?»

ሁለቱም በሳቅ ተያያዙ፤ ሲበርድላቸው ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። እስከ ዛሬ ጠይቃው አታውቅም፤ መልሱን ራሷ አዘጋጅታ ስለነበር።

«ለምን ሄድሽ?»

ልጅቷ የካርቶኑን ገመድ ነካካች። «ያን ሰሞን ጣትሽን መርፌ በሳሽ» አለች። «ደሙን በጨርቅ ቁራጭ ጠረግሽና መስፋትሽን ቀጠልሽ፤ ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽም። እኔ መስኮቱ ሥር ገጽ እየገለጥኩ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት መሥመር ማንበብ አቃተኝ። የምትሰፊው ለእኔ ትምህርት ነው። ብሄድና ራሴን ብችል ትንሽ ታርፋለች አልኩ። ብነግርሽ ደግሞ እንደማትለቂኝ አውቃለሁ።»

«አልለቅሽም ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። እውነቷን ነው፤ አትለቃትም ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስንፍና ብላ፣ ክህደት ብላ የያዘችው ነገር ፍቅር ሆኖ ፊቷ ቁጭ አለ። እጇን ዘርግታ የእህቷን ራስ ወደ ደረቷ ሳበችው፤ ትንሽ እንደመምታት፣ ትንሽ እንደማቀፍ አደረጋት።

«ሞኝ! እኔን ልታሳርፊኝ ነው? እንኳን ላርፍ፣ አንቺን በማማት ደከምኩ እኮ!» አለች፤ ልጅቷም እንደገና ሳቀች።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ።»

«ተነሽ በይ። ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ፣ ነገ መናኸሪያ የማደርስሽ እኔ ነኝ። ከዚያም አልመለስም፤ አብሬሽ ሄጄ ክፍልሽን አይቼ፣ መጋረጃሽን ለክቼ ነው የምመጣው።»

«ሥራሽስ?»

«ይቆያል።»

ልጅቷ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከተወለደች ጀምሮ ይህችን ቃል ከዚህች ሴት አፍ ሰምታ አታውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ይቆያል አልኩሽ» አለችና ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን በገመዱ ብድግ አደረገችው።