ለመጨረሻዎቹ ዐሥር የተጻፈ

የማኅደር አባት ካርዱን ሳሙት! አዎ፣ የሪፖርት ካርዱን! ከስልሳ ሦስት ተማሪ ስልሳ አንደኛ የወጣችበትን! ሒሳብ ሠላሳ አራት፣ በቀይ! ጋሽ ጉግሳ ሾላ ገበያ መሀል የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሁለቴ አነበቡት፣ ሳሙት፣ ከዚያ "በይ ሰኞ ከትምህርትሽ እንዳትቀሪ" አሏት። ጓደኛዋ ሊና አጠገቧ ቆማ ሁሉን አይታለች። ሊናም እንባዋ መጣ። በበርበሬው ነው ብላ አመካኘች እንጂ!

ውይ፣ ከኋላ ተጀመረ። እሺ፣ ከፊቱ።

ሊና አብኔዘር የሚባል ወንድም አላት። መገናኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚውለው። እናታቸው "ልጄ ኮምፒውተር አገባ" እያለች ትስቃለች። አምና ለነሊና ትምህርት ቤት የሪፖርት ካርድ የሚያትም ፕሮግራም ሠራ፤ ውጤት ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል። ዘንድሮ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ አዲስ ነገር ጨመረበት። ካርዱ ግርጌ ላይ "የክፍል ኃላፊ አስተያየት" የሚለውን ቦታ ኮምፒውተሩ ራሱ በየደረጃው ይሞላዋል። የዘጠነኛ "ሐ" ኃላፊ ቲቸር የሺመቤት ይሄን ስትሰማ አጨበጨበች። ስልሳ ሦስት ካርድ በእጅ መጻፍ ቀረላት፣ መፈረም ብቻ!

ግን ቃላቱን ማን ይጻፍ? አብኔዘር ነዋ። ለአንደኞቹ "እጅግ በጣም ጥሩ"፣ ለመሀለኞቹ "ደህና"፣ ለመጨረሻዎቹ ዐሥር ግን... ሊና ስክሪኑ ላይ ስታየው ጮኸች።

"'ደካማ። መሻሻል ይገባዋል።' አብኔ! ስለ መኪና ፍሬን ነው እንዴ የምታወራው?"

"ውሸት ነው?"

"ይሄን የሚያነበው ማነው?"

"ተማሪው።"

"አንተ ፋራ! ተማሪውማ ድሮም ያውቀዋል። የሚያነበው አባቱ ነው። ቀበቶው ያለው እሱ ጋ ነው!"

አብኔዘር ጭንቅላቱን አከከ። "በይ እንደዚህ ካወቅሽ አንቺ ጻፊው። ሁለት መስመር ብቻ፤ ካለፈ ፊርማው ላይ ይወጣል። ለዐሥሩም አንድ ነው፣ ለሁሉም የሚሆን ይሁን።"

ሊና ወዲያው እሺ አለች። ምክንያቱም ማኅደር እዚያ ዐሥሩ ውስጥ እንደምትገባ ታውቃለች። ጋሽ ጉግሳ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ብለዋል፦ "ዘንድሮም ከጭራዎቹ ጋር ከወጣሽ ትምህርቱ ይበቃል፣ ሱቅ ትገቢያለሽ።" ማኅደር እኮ ማለት... ክፍል ውስጥ እሷ የቀረች ቀን መብራት የጠፋ ነው የሚመስለው። የታመመ ሰው ቤት ቀድማ የምትሄደው እሷ፣ እስክሪብቶዋን አውሳ በእርሳስ የምትፈተነው እሷ። ለሱ ደረጃ አይወጣለትም!

ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት መልስ መገናኛ ሄዳ ጻፈች፣ ቀደደች። ሲጨንቃት ወንድሟን ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"እስቲ ቀበቶ ያለህ አባት ሁን።"

አብኔዘር ድምፁን አወፈረና ማንበብ ጀመረ። "'የልጅዎ ደረጃ ዝቅ ቢልም...' ምን? ዝቅ? ነይ ወዲህ አንቺ!"

"ቀሪውን አንብበዋ!"

"አላነብም። 'ዝቅ' የምትለዋን አየሁ፣ አበቃ፣ ቀበቶዬን እየፈታሁ ነው።"

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ግን ገባት። ቁጣው ከመምጣቱ በፊት መድረስ አለባት፣ መጀመሪያዋ ቃል ላይ። ወረቀቱን ገልብጣ በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው፦

"ከመቆጣትዎ በፊት የቱ ትምህርት እንደከበደ ይጠይቁ።
ልጅዎን ክፍላችን ይፈልጋል።"

አብኔዘር በአባት ድምፅ አነበበው። ከዚያ በራሱ ድምፅ ደገመው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ርእሰ መምህሩ አቶ ላጲሶም መነጽራቸውን አውልቀው "ይታተም" አሉ፣ በቃ!

ዓርብ የግማሽ ዓመቱ ካርድ ሲሰጥ አንደኞቹ ካርዳቸውን እየተለዋወጡ አነበቡ። መጨረሻዎቹ ግን፣ ታውቁ የለ፣ አራት ቦታ አጥፈው ካልሲ ውስጥ። ማኅደርም አጠፈች። "ብቻዬን አልችልም" ብላ ሊናን እየጎተተች ሾላ ወሰደቻት። ያኔ ነው ጋሽ ጉግሳ ያነበቡት፣ የሳሙትም። "የቱ ነው የከበደሽ?" ብለውም ጠየቋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ! ከዚያ ለጎረቤታቸው ነጋዴ ጮክ ብለው፦ "ክፍሉ የሚፈልጋትን ልጅ እኔ እዚህ በርበሬ ላስመዝናት?"

ሊና "እኔ ነኝ የጻፍኩት!" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ አላመለጣትም።

ምክንያቱም ታክሲ ውስጥ ማኅደር ጆሮዋ ስር ተጠግታ እንዲህ አለቻት፦

"ሊኑዬ፣ ቲቸር የሺመቤት እኮ ስሜን እንኳን የምታውቀው አይመስለኝም ነበር። ለካ ስታየኝ ነው የከረመችው። ለእኔ ብቻ ቁጭ ብላ ይሄን ጻፈች! ከእንግዲህ ሒሳብ ብወድቅ አፍራታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ነው የማጠናው። ደግሞ ሰኞ አባዬ አብሮኝ መጥቶ ሊያመሰግናት ነው።"

ሊና ፈገግ አለች፤ ግን ለዘጠኝ ሌሎች ልጆችም ያው ሁለት መስመር ነው የታተመው። ቲቸር የሺመቤት ምናልባት ሳታነበው ነው የፈረመችው። ሰኞ ጋሽ ጉግሳ ሲያመሰግኗት "ኮምፒውተሩ ነው እኮ!" ብትልስ?

ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ቃል ውሸት አይደለም! ሊና ያንን ስትጽፍ የምታየው ማኅደርን ብቻ ነበር። ግን ማኅደር የደነቃት ጓደኛዋ ስለወደደቻት አይደለም፣ አስተማሪዋ ስላየቻት ነው። ብትነግራት ያ ደስታ ይጠፋል። ባትነግራት ሰኞ በሌላ ሰው አፍ ትሰማዋለች። ቀድማ ቲቸርን "እባክሽ እኔ ነኝ የጻፍኩት በይ" ብላ ብትለምናትስ? ያ ደግሞ ማኅደርን ማታለል አይሆንም?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሊና እስካሁን አልወሰነችም። በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?