አባባን ያገኘ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?

አባባ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በነጠላ ጫማ ጋዜጣ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። የአውቶቡስ ጣቢያው ጥበቃ ሲሳፈር አይቶታል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አያውቅም። ስልክ አልያዘም። የልብ መድኃኒቱ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ከሦስት ቀን በላይ ካቋረጠ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው ነግሮናል።

የእኔ ሥራ ለሱቆች ድረ ገጽ መሥራት ነው። ጎማ ቤቱን፣ ፀጉር ቤቷን፣ አናጢውን፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጋቸው ከላይ እንዲወጡ አደርጋለሁ። የገዛ አባቴን ግን ማውጣት አቃተኝ። ጠበቃው ታላቅ ወንድሜ እያለ ከቤታችን ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት መስመር አትወጣም። አባባን ለማፈላለግ የከፈትኩትን ገጽ ርዕስ ራሱ ጻፈው፦ «ስለ ተከበሩ አባታችን የቀረበ የአፋልጉኝ ጥሪ»። ከሥሩም አባባ ጡረታ በወጣበት ቀን የተነሳውን ፎቶ ለጠፈ፣ ሙሉ ሱፍ ከነሜዳሊያው።

«ጋሼ፣ እስቲ አስበው» አልኩት ረፋዱ ላይ። «አንዲት ሴት የማታውቀው ሽማግሌ ደጇ ተቀምጦ አገኘች እንበል። ስልኳን አውጥታ ‹የተከበሩ አባታችን› ብላ ትጽፋለች?»

«ምን ትበል ታዲያ?»

«‹ቤቱን የረሳ ሽማግሌ› ነዋ! ሰው የሚጽፈውን ቃል እኛ ካልጻፍን አያገኘንም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ ይረሳል ብለሽ ላገር ምድሩ ልትነግሪ? እኔ ቆሜ እያየሁ አይሆንም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አትተርቺብኝ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

አባባ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወንድሜ ግን ጎረቤት በጠየቀ ቁጥር «ድካም ነው» ይላል። የመኪናው ድምፅ እንደራቀ ርዕሱን ቀየርኩት፦ «ቤቱን የረሳ ሽማግሌ ያገኛችሁ፣ አባታችን ነው»። አባባ አርባ ዓመት የጽሕፈት መኪና ሲጠግን፣ የቀለም ሪባን ሲቀይር የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ያገኘውን ሁሉ «ሪባኑ ደርቋል፣ አዲስ አምጣልኝ» ይላል። እሱንም እንዳለ ጻፍኩት። ነጠላ ጫማውን፣ ቡናማ ሹራቡን ጨመርኩ። ደንበኞቼ ጋ ደወልኩ፤ ጎማ ቤቱም ፀጉር ቤቷም አናጢውም ወደ እኛ የሚወስድ ሊንክ በየገጻቸው ለጠፉልኝ። የፍለጋው ማሽን እንደ ሰው ነው፤ ሌሎች ሲመሰክሩልህ ያምንሃል። ገጹን እንደገና እንዲያይልኝ ጥያቄ ላክሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገጹን ከፍተው እያዩ ያሉትን የሚያሳየኝ ቆጣሪ አንድ ጎብኚ አሳየኝ። ከፍለጋ የመጣ ነው። አራት ሰከንድ ቆይቶ ወጣ። ከደቂቃ በኋላ ያው ሰው መጣ፤ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ወጣ።

በስልኬ ገጹን ከፈትኩት፤ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቆየና የሱፉ ትከሻ ብቅ አለ። ለካስ የወንድሜ ፎቶ ነው! ለግድግዳ የሚሆን ግዙፍ ፋይል ከስልክ ቁጥራችን በላይ ተገትሮ መንገድ ዘግቷል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ያለ ሰው እንዴት ይጠብቀው?

ወንድሜ የገባው ይሄኔ ነው። ርዕሱን አነበበ። «ምን አደረግሽ አንቺ?»

«በኋላ ትጮህብኛለህ። ፎቶህን ላጠፋው ነው።»

«እሱን አትነኪም!» እጁን ላፕቶፑ ላይ ጫነ።

«ሰው መጥቶ ሁለቴ ተመለሰ እኮ! አባባን ያገኘ ሰው ቢሆንስ?»

እጁን አነሳ። የራሱን ስልክ አቀበለኝ፤ አባባ ባለፈው ወር በቡናማ ሹራቡ የተነሳው ፎቶ ነው፣ ቁልፎቹን አዛንፎ ቆልፎ። የሱፉን አጥፍቼ ይህን አሳንሼ ለጠፍኩት፤ ቁጥራችንን ከላይ አወጣሁት።

«ያ ሰው ባይመለስስ?» አለ ወንድሜ።

አሥር ደቂቃ ሁለታችንም ቆጣሪው ላይ አፈጠጥን። ከዚያ ዜሮው አንድ ሆነ። አራት ሰከንድ። አምስት። ሃያ። ስልኩ ጮኸ።

ወንድሜ ቀድሞኝ አነሳ፤ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው። ሴት ናት። «ይቅርታ፣ አንድ አባት ደጄ ተቀምጠዋል። ‹ሪባኑ ደርቋል› ይላሉ። ግራ ቢገባኝ ያሉትን እንዳለ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፤ እናንተ ወጣችሁ። ይረሳሉ እንዴ?»

ወንድሜ አየኝ። «አዎ እመቤት» አለ። «ይረሳሉ። አባታችን ናቸው።»

ያለችበትን ነገረችንና ስልኩን ለአባባ ሰጠችው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ።»

«አላውቅህም» አለ አባባ። «ሪባኑን አመጣህ?»

ወንድሜ መድኃኒቱን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«አዎ አባባ» አለ። «ይዤልህ እየመጣሁ ነው።»