ፓምፑ የተዘጋ ሰሞን

አስካለ ያችን ልጅ ካየቻት ቀን ጀምሮ ጠልታታለች። መቅደስም ብትሆን አስካለን አልወደደቻትም፤ ልዩነቱ ጥላቻዋን በትሕትና መሸፈን የለመደች መሆኗ ብቻ ነበር።

መቅደስ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ አዲስ አበባ ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ የሥነ ፈለክ ተማሪ ናት። የምታጠናው ሁለት የጋላክሲ ዘለላዎችን ነው። በእያንዳንዱ ዘለላ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች አሉ፤ ሁለቱ ተላትመው አንዱ በሌላው ውስጥ እያለፈ ነው። በግጭቱ ጠርዝ የሚነሳው ማዕበል ለዓይን አይታይም፤ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ግን ይልካል። ያንን ሞገድ ለመስማት ጫጫታ የሌለበት ምድር ያስፈልጋል። ጫጫታ ሲባል የሰው ወሬ አይደለም፤ ሞተሩ፣ ስልኩ፣ የመብራት ሽቦው የሚረጨው ሞገድ ነው። አማካሪዋ ዶክተር ዮናስ ትልቅ የአንቴና ጣቢያ ለማስተከል ዓመታት ሲሯሯጥ ከርሞ፣ በመጨረሻ ቆቦ አካባቢ ካለችው ከሮቢት በስተምሥራቅ ያለውን ሜዳ መረጠና ጸጥታውን ለክታ እንድታረጋግጥ ላካት።

የሙከራ አንቴናዎቹ ጨርቃቸው የተገፈፈ ጃንጥላ ይመስሉ ነበር። ሾፌሩ መህዲ ከአስካለ ማሳ አጠገብ ባለው የወል ግጦሽ ላይ ሲተክላቸው፣ አስካለ መኮትኮቻዋን እንደያዘች መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የምታርሰው ብቻዋን ነው።

«ምን ልታዩበት ነው?» አለች።

«ሰማይ ነው፣ እትዬ» አለች መቅደስ።

«ከሰማይ የሚመጣውንማ አይተነዋል። ደግሞ ልትጠሩብን ነው?»

ከጦርነቱ ወዲህ በዚያ አገር ወደ ላይ ያንጋጠጠ ብረት የሚወድ ሰው የለም። መቅደስ ይህን አታጣውም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ስታስረዳ ውላ ምላሷ ደርቆ ነበር። «አይጠራም፤ የሚያዳምጥ ብቻ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። አስካለ ያንን ጀርባ በሆዷ ያዘችው።

ማዳመጥ ሲጀመር የመቅደስ ላፕቶፕ በጫጫታ ተሞላ። ከግጦሹ ማዶ የመስኖ ውሃ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ አለ፤ መቅደስም አፍታ ሳታመነታ ጥፋቱን በእሱ ላይ ጣለች። ወደ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ወደ ብርሃኑ ሄዳ ፓምፑ ለአምስት ቀን እንዲዘጋ ጠየቀችው። ብርሃኑ ጣቢያው ቢመጣ መንገድም ትራንስፎርመርም ተከትሎት እንደሚመጣ ተስፋ ያደረገ ሰው ነው። አባላቱን ሰብስቦ አስማማ። አብዛኛው ሰው በዚያ ሳምንት ማሳውን አጠጥቶ ስለነበር ብዙም አልተከራከረም። የአስካለ ማሳ ግን የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ተራዋ ፓምፑ የሚዘጋበት ሰኞ ነበር። ሽንኩርቷ ደግሞ ሥሩ መወፈር የጀመረበት፣ ውሃ አጥብቆ የሚሻበት ጊዜ ነው።

«እኔ አልተስማማሁም» ብላ በስብሰባው ላይ ተነሳች።

«አንቺ አስካለ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ልማት አይቆምም» አለ ብርሃኑ። የሳቀም ሰው ነበር።

ፓምፑ ሰኞ ተዘጋ። ማክሰኞ ጠዋት መቅደስ ውጤቱን ስታይ ጫጫታው እንዳለ ነው፤ ቅንጣት አልቀነሰም። አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ፈትሻ፣ የሚመጣበትን አቅጣጫ ስትከተለው ወደ አስፋልቱ ወሰዳት። ጫጫታው የሚመነጨው ከመንገዱ ጋር ወደ ዋጃ ከሚዘልቀው የመብራት መስመር፣ ሽቦውን ከምሰሶው ከሚለዩት አቧራ የያዛቸው የሸክላ ሲኒዎች ነበር። ፓምፑ ምንም አላደረገም።

ለዶክተር ዮናስ ደወለች።

«ለማንም አታውሪ» አላት። «አምስት ቀን ፈቅደዋል፤ አምስት ቀን ለኪ።»

«ፓምፑን ያለ ምክንያት ነው የዘጋነው እኮ ዶክተር።»

«ዛሬ ተሳሳትን ብንላቸው ነገ የሚያምነን የለም። ዝም ብለሽ ሥሪ።»

መቅደስም ለማንም ሳትናገር መለካቷን ቀጠለች።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አስካለ ወደ ድንኳኑ መጣች። የቆላው ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቷን ይመታታል፤ እንድትቀመጥ ብትጠየቅም አልተቀመጠችም።

«አንድ ቀን ክፈቱልኝ። ለእኔ ብቻ።»

«አንድ ሰዓት ቢከፈት የሁሉም ቀን ሥራ ይበላሻል፣ እትዬ። አልችልም።» መቅደስ ይህን ስትል ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሳችም።

«ለምንድን ነው? እስቲ ለእኔም ንገሪኝ። ሽንኩርቴ የሚሞትበትን ነገር ልወቀው።»

መቅደስ ስለ ሁለቱ ዘለላዎች ነገረቻት፤ ባጭሩና በችኮላ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚነገር አድርጋ። አስካለ ግን ገባት።

«መጋጨት የጀመሩት መቼ ነው?»

«በመቶ ሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት።»

«መቼስ ያበቃል?»

«እኛ አናየውም። ልጆቻችንም አያዩትም።»

«ታዲያ ለእነሱ ሳምንት ምናቸው ነው? የእኔ ሽንኩርት ግን ቅዳሜን አያይም።»

መቅደስ መልስ አላጣችም፤ እውነተኛውን መልስ ነበር የያዘችው፣ ፓምፑ ዛሬውኑ ቢከፈት ምንም እንደማይጎድል። ያንን መናገር ግን በዚች ሴት ፊት መሸነፍ ሆኖ ታያት። «ሥራዬን እንድሠራ ይተዉኝ» አለች። አስካለ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ምራቋን ተፍታ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት መቅደስ ወደ አንቴናዎቹ ስትሄድ በአስካለ ማሳ ዳር አለፈች። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። አስካለ ከቤቷ ያመጣችውን ውሃ በጣሳ እየቀዳች ሥር ሥሩን ታጠጣለች፤ ውሃው መሬቱን ሳያርስ ይጠፋል። ቀና ብላም አላየቻት። መቅደስ ትንሽ ቆመችና መንገዷን ለውጣ ወደ ብርሃኑ ቤት ሄደች።

«ፓምፑን ክፈቱት። ጫጫታው ከእሱ አይደለም።»

ብርሃኑ ደስ ያለው መሰለ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። «ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«አስካለ ረቡዕ ለምናሽ የለም እንዴ?»

«አሁን ክፈቱላት» አለች መቅደስ። ፓምፑ ተከፈተ፤ ወሬው ግን ከውሃው ቀድሞ ቦዩ መጨረሻ ደረሰ። መህዲ እየሮጠ መጥቶ ሲጠራት ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አስካለ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አንቴናዎቹን እየነቀለች ትከምር ነበር። ገመዱን በመኮትኮቻዋ ቆራርጣዋለች።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች መቅደስ፤ እትዬውም እርስዎውም ቀረ። «አብደሻል? ይኼ እኮ የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ሽንኩርቱስ የማን ነበር?» አስካለ መኮትኮቻዋን አልጣለችም። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሪ።»

«ትታሰሪያለሽ!»

«ልታሰር። ውሸታም!»

መቅደስ ልትመታት እጇን አነሳች። አስካለ ፈቀቅ አላለችም፤ መኮትኮቻዋን ብቻ ከፍ አደረገች። መህዲ መሀላቸው ባይገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለቱም አያውቁትም።

ማታውኑ ዶክተር ዮናስ ደወለ። «ክሰሻት። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ የመስኖ ፓምፖች ሁሉ ከአካባቢው ይነሱ ብለሽ ጻፊ።»

«ጫጫታው ከመስመሩ ነው ብዬዎታለሁ።»

«የመብራት መስመር አይነሳም፣ መቅደስ። ፓምፕ ግን ይነሳል። መስመሩን ከጻፍሽ ቦታው ወደቀ ማለት ነው፤ ቦታው ከወደቀ እኔም አንቺም ወደቅን። ገባሽ?»

ገብቷታል። ቆቦ ባረፈችበት ሆቴል አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ አስካለን አሰበቻት፤ ታስራ፣ ማሳዋም ደርቆ አየቻትና ልቧ ደስ አለው። ደስታው ራሷን አስደነገጣት። እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በነጋታው ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ፈሪሀ የምትባል ፖሊስ የመቅደስን ቃል ልትቀበል ተቀመጠች። ብርሃኑ ምስክር ሊሆን መጥቷል። አንቴናዎቹን ነቅላለች ተብላ የተጠራችው አስካለ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ነው።

«ክስሽ ምንድን ነው?» አለች ፈሪሀ።

«ክስ የለኝም።»

አስካለ ዞር ብላ አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ምስጋና አልነበረም፤ ይልቁንም ጥላቻው ጨመረ። ምሕረት ከዚች ልጅ እጅ መቀበል ከመታሰር የባሰባት ይመስል ነበር።

መቅደስ ሪፖርቱን ያደረችበት ሆቴል ውስጥ ተቀምጣ እንዳየችው ጻፈችው፦ ጫጫታው ከመብራት መስመሩ ነው፣ ቦታው ለጣቢያ አይሆንም፣ ፓምፖቹን መንካት አያስፈልግም። ያንኑ ዕለት ላከችው። ዶክተር ዮናስ በሳምንቱ ከቡድኑ አስወጣት። ዓመታት የደከመችባቸውን ሁለት ዘለላዎች ሰላም ለምትባል ሌላ ተማሪ ሰጠ። መቅደስ አዲስ አማካሪ መፈለግና ከዜሮ መጀመር ግድ ሆነባት።

የተሰባበረውን ዕቃ ጭና ለቡድኑ ልታስረክብ ወደ ሜዳው ስትመለስ አስካለ ማሳዋን ገልብጣ ሌላ ለመዝራት ታለሰልስ ነበር። መቅደስ ቦዩን ተሻግራ ገባች።

«ፓምፖቹ አይነሱም» አለች። «ጽፌያለሁ። ጣቢያውም አይመጣም። ስለ ሽንኩርቱ...»

አስካለ መኮትኮቷን አላቆመችም። «ተናግረሽ ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ከማሳዬ ውጪልኝ።»

መቅደስ ወጣች። መህዲ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ይጠብቃት ነበር።